ቅጣት ወይስ ቅድመ ዝናብ ፍተሻ? የደሴና የኮምቦልቻ የጎርፍ ቦዮች

ደሴ ላይ ዝናብ ሲጥል ውሃው ከጦሳ ተራራ ተንደርድሮ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል፤ ቦርከናም ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ያቀናል። የጎርፍ ቦይ ማጣሪያ የለውም። የጋራዡ የተቃጠለ ዘይት፣ የላቫጆው አረፋ፣ ፌስታሉ፣ የግንባታው አሸዋ ሁሉ እንዳለ ወንዝ ይገባል። ታዲያ ቆሻሻ ወደ ቦዩ እንዳይገባ ደንቡን እንዴት እናስከብር?

አንደኛው መንገድ አጥፊውን ይዞ መቅጣት ነው። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ቅጣት ያስፈራል፤ ለከተማውም ብዙ ወጪ የለውም። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ጎርፍ የአሥር ግቢ ቆሻሻ ደባልቆ ይወስዳል፤ ተቆጣጣሪው እስኪደርስ ዘይቱ ቦርከና ገብቷል። ማን ላይ ይፈረዳል?

ሁለተኛው ከዝናቡ ቀድሞ ግቢ ለግቢ መፈተሽ ነው። ያው አዋጅ ተቆጣጣሪው ያለ ቅድመ ማስታወቂያ እንዲገባ ይፈቅዳል። ወሎ በልግም ክረምትም ስላለው ዙሩ ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ በጥርና በግንቦት። ከደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ የተጠራቀመውን ሁሉ ጠርጎ ስለሚወስድ፣ ያቺን ቀን መቅደም ትልቅ ነገር ነው። ዘይቱ በርሜል ውስጥ ተከድኗል? አሸዋው ተሸፍኗል? ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሰው ግን ይፈልጋል፤ ያውም ጉቦ የማይቀበል።

እኔ ፍተሻውን እመርጣለሁ። ቅጣቱ ይቅር አልልም፤ ተነግሮት ላላስተካከለ ይሁን። ከታች በቦርከና ውሃ ማሳውን የሚያለማውና ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እስኪደርስ ውሃውን መተው አይችልም።