"ኮር አይ ሰቨን ነው" ተብላችሁ ክሎን ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ ለቢሮ ወይም ለሱቅ የሚሆን ረከስ ያለ ክሎን (ሱቅ ውስጥ ከተለያየ ዕቃ የተገጣጠመ) ዴስክቶፕ ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ብራችሁን ቆጥራችሁ እንዳትሰጡ። እኔ የዕቁብ ብሬን ከስሬ ያወቅኩት ነው፤ እናንተ ሳትከስሩ እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

ማራኪ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የቀሩት ማመልከቻ የሚያስጽፉ፣ የእድር ደንብ የሚያስተይቡ የሰፈር ሰዎች ናቸው። አሮጌው ኮምፒውተሬ ወርድ እስኪከፍት ሰው ቆሞ ይሰለች ስለነበር፣ መጋቢት ላይ ዕቁብ ሲወጣልኝ ቀጥታ ወደ ፒያሳ ወጣሁ።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። "እናቴ፣ ለእርስዎ ሥራ የሚሆነው ይሄ ነው። ኮር አይ ሰቨን፣ ስምንት ጊጋ ራም፣ አምስት መቶ ጊጋ ሀርድ ዲስክ፣ አዲስ የተገጣጠመ። ከአይ ሰቨን በላይ ምን አለ?" አለኝ። የኬዙ ላስቲክ ገና አልተላጠም፤ ፊቱ ላይ ሰማያዊና ቀይ መብራት ይበራል። ማዘርቦርዱ (ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ) የመጣበትን ካርቶን ሳይቀር አሳየኝ። ሲያበራው ደግሞ ዊንዶውስ 11 ነው። አሮጌ ቢሆን ኖሮ ይሄ እንዴት ይጫንበታል ብዬ አመንኩ። 34 ሺህ ብር ከፈልኩ። ከዚያ የኬዙ ብሎን ላይ "ከተቀደደ ዋስትና የለም" የሚል ወረቀት ለጥፎ አስረከበኝ።

ሰኔ ደረሰ። ሰኔ ለእኛ ሥራ የመኸር ወቅት ማለት ነው። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን እያስተካከልንላት፣ ለማስረከብ ሁለት ቀን ሲቀራት መብራት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሄደ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ከኬዙ ውስጥ "ጧ!" የሚል ድምፅ ተሰማና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ሱቁን ሞላው። ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች። ፍላሹዋ ላይ የነበረው ቅጂ የሁለት ሳምንት አሮጌ ነው። ከታተመው ረቂቅ ላይ እያነበበችልኝ፣ ከጎረቤት በተዋስኩት ላፕቶፕ 23 ገጽ በሁለት ሌሊት እንደገና ተየብን። በሰዓቱ አስረከበች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ኮምፒውተሩን የከፈተልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ በሙያው የተማረ ነው። ውስጡ የተገኘውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

የኮምፒውተሩ አእምሮ ከሆነው ከፕሮሰሰሩ ልጀምር። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። "አይ ሰቨን" የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። አምራቹ ኢንቴል ይህን ስም በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ ሲጠቀምበት ኖሯል፤ ስለዚህ አይ ሰቨን የተባለ ዕቃ ከ15 ዓመት በላይ ያስቆጠረም ሊሆን ይችላል። የምትጠይቁት ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ነው። የእኔው 2600 ነበር። መጀመሪያ ላይ ያለው 2 ሁለተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ 2011 መጀመሪያ ላይ ገበያ የወጣ። በጊዜው ጥሩ ዕቃ እንደነበር የጎረቤቴ ልጅም አልካደም። ግን አራት ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) እና ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) ያለው ነው፤ በፈረንጆቹ 2020 የወጣው አይ ስሪ 10100 እሱም አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፤ በፍጥነት ደግሞ ይበልጠዋል። የኃይል መጠናቸውን ብታዩ የእኔው 95 ዋት፣ አይ ስሪው 65 ዋት ነው። "አይ ስሪማ የድሃ ነው" ብሎ ያጣጣለብኝ ሻጭ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ቁጥሩ እንደ 2600 ወይም 8500 አራት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያው አሃዝ፣ እንደ 10100 ወይም 12100 አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጄኔሬሽኑን ይናገራሉ። እንደ 870 ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ጄኔሬሽን ነውና ትታችሁ ውጡ። ከቁጥሩ መጨረሻ "ኤፍ" የሚል ፊደል ካለ ደግሞ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ለብቻው ካርድ ካልገዛችሁለት ስክሪኑ ምንም አያሳይም። ሻጩ ሲነግራችሁ አትመኑ፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ "ፐርፎርማንስ" የሚለውን ክፈቱ። ሙሉ ስሙ ከነቁጥሩ ቀኝ ጥግ ላይ ይወጣል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ያሞኘኝ ዊንዶውስ 11ም ቢሆን ማስረጃ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር በጥቅሉ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውም የደህንነት ክፍል መኖር አለበት። የእኔ ላይ የተጫነው ምርመራውን በሚያዘልል መንገድ ነበር። እንደዚህ ለተጫነ ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። ወደ ዊንዶውስ 10 ልመለስ ብትሉም የእሱ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የሰው ሰነድ፣ የደንበኛ ሒሳብ የምትይዙ ሰዎች ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት።

ማዘርቦርዱ ካርቶኑ አዲስ ነው፣ ላዩም ያብረቀርቃል። ቺፕሴቱ (የቦርዱን ሥራ የሚያስተባብረው ቺፕ) ግን ኤች 61 ነው፤ እሱም የፈረንጆቹ 2011 ትውልድ። ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ቺፕ አዲስ ሰሌዳ ላይ ተበይዶ በካርቶን ሲሸጥ ብዙ ነው። ጉዳቱ ይህ ነው፦ ሁለተኛና ሦስተኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር እንጂ ሌላ አይቀበልም፣ ራሙም ዲዲአር 3 የሚባለው አሮጌ ዓይነት ነው። ነገ ገንዘብ አግኝታችሁ ላሻሽለው ብትሉ መሄጃ የለውም። ዲዲአር 4 ገዝታችሁ ብትመጡ እንኳ ማስገቢያው አይገጥምም።

ሀርድ ዲስኩን የጎረቤቴ ልጅ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አየው። የሠራበት ሰዓት ከ41 ሺህ በላይ ይላል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ እናንተው አካፍሉት። ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ሌት ተቀን የሠራ ዲስክ "አዲስ" ተብሎ ተሸጠልኝ። የልጅቷ ፋይል ስሙ ይታያል፣ አይከፈትም።

ከሁሉ የከፋው ግን ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ሰው ዞር ብሎ አያየውም፤ እኔም አላየሁትም። ላዩ ላይ በትልቁ "500 ዋት" ተጽፎበታል። ልጁ ፈቶ እጄ ላይ ሲያኖረው ደነገጥኩ፤ ባዶ የወተት ጣሳ የያዝኩ ያህል ቀለለኝ። ጎኑ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አስነበበኝ፦ በ12 ቮልት መስመር 14 አምፔር ይላል። 12 በ14 ሲባዛ 168 ነው። ፕሮሰሰሩም ዲስኩም በዋናነት የሚጠቀሙት ይህን መስመር ነውና 500 የተባለው የወረቀት ቁጥር ነው። ክዳኑን ሲያነሳው ደግሞ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚያጠሩት ጥቅል ሽቦዎች መቀመጫቸው አለ፣ እነሱ የሉም። በቦታቸው አጭር ሽቦ ብቻ ተበይዶ ቀዳዳውን ከቀዳዳ ያገናኛል። አንዱ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ቆርቆሮ መሳይ ክፍል) አናቱ አብጦ ፈንድቷል። እንደኛ መብራት በሚመላለስበት ከተማ እንዲህ ያለ ዕቃ ገጥሞ ለሰው መስጠት በደል ነው፤ ሲቃጠል ብቻውን አይቃጠልም፣ የእኔን ማዘርቦርድ ይዞት ሄዷል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ገንዘብ ሳትከፍሉ፣ ያ ወረቀት ብሎኑ ላይ ሳይለጠፍ፣ ኬዙ ፊታችሁ ይከፈት። ፓወር ሰፕላዩን በእጃችሁ መዝኑት፣ የ12 ቮልቱን አምፔር አንብቡና አባዙት። ሻጩ "አይከፈትም" ካላችሁ ሌላ ሱቅ አለ፤ ፒያሳ ላይ ከፍተው በደስታ የሚያሳዩ ሐቀኛ ሻጮችም አሉ።

ለጽሕፈት፣ ለኤክሴልና ለፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም) ሥራ እኔ አሁን የምመርጠው ያገለገለ ብራንድ ነው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060 ወይም ኤችፒ ፕሮዴስክ 600 ጂ 4 ከ8ኛ ጄኔሬሽን አይ ፋይቭ ጋር። አይ ፋይቭ 8500 ስድስት ኮር አለው፣ ዊንዶውስ 11ንም በሕጋዊ መንገድ ይቀበላል። የእነዚህ ፓወር ሰፕላይ ልኩ ለየት ያለ ስለሆነ ከተበላሸ እንደ ክሎኑ ከየትም አምጥቶ መግጠም አይቻልም፤ ይህንን አውቃችሁ ግቡ። ክሎን ይሻለኛል የሚል ሰው አይ ስሪ 12100 በኤች 610 ማዘርቦርድ ያሠራ። ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋ ይሁንና ሁለተኛው ማስገቢያ ለወደፊት ክፍት ይቆይ። ዲስኩ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይሁን። ብር ካጠረ ከኬዙ መብራት ላይ ቀንሱ እንጂ ከኤስኤስዲውና ከፓወር ሰፕላዩ ላይ አትቀንሱ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ደረሰኙን አደራ። ተመልሼ ስሄድ ሻጩ ልጅ "እናቴ፣ ሦስት ወር ሆኖታል" አለኝ። ደረሰኜ ላይ ያለው "1 ዴስክቶፕ ኮምፒውተር" ብቻ ነው፤ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ ስንተኛ ጄኔሬሽን፣ ምንም የለም። በምን ልሟገት? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኔ በእነዚያ 15 ቀናት ውስጥ የፕሮሰሰሩን ቁጥርና የዲስኩን ሰዓት አይቼ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር። የፕሮሰሰሩ ቁጥር፣ የራሙ ዓይነት፣ የዲስኩ ዓይነት፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑና የዋስትናው ጊዜ ደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። በእነዚያ ቀናት ውስጥም ሙያ ያለው ሰው ያይላችሁ።

ያ ፓወር ሰፕላይ አልተጣለም፤ ሱቄ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ኮምፒውተር ልገዛ ነው የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ በእጁ አስይዘዋለሁ።