ለብሔራዊ ጀርባው ጋሼ፦ ወገቤ ያመሰግንዎታል

ይህ ጽሁፍ ምስጋና ነው። ትንሽ ንስሐም አለበት። "ዲጂታል የልጆች መጫወቻ ነው፤ ጊታር ከፈለግክ ቱዩብ አምፕ ያዝ" እያልኩ ስንቱን ጀማሪ አሸማቅቄያለሁ መሰላችሁ። ቱዩብ አምፕ ማለት እንደ አምፖል በሚሞቁ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ ነው። ዛሬ እኔው ራሴ ሥራ የምሄደው የአምፕን ድምፅ በዲጂታል የምታስመስል፣ ከአንድ ኪሎ ብዙም የማትበልጥ ሳጥን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው። እዚህ ያደረሱኝ ደግሞ ዲጂታል የሚሸጡ ነጋዴ አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቱዩብ ዕቃ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

ስማቸውን አልጽፍም። "ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጣኝ፣ የያዝኩትንም አልጨረስኩ" ብለው አስጠንቅቀውኛል። ሙዚቀኛው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም ጋሼ ልበላቸው። ድሮ ፒያሳ ነበሩ። ቤቱ ሲፈርስ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ መጡ። ሙያውን የጀመሩት በፊሊፕስ ሬዲዮና በቀበሌ ድምፅ ማጉያ ነው።

የኔ አምፕ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነው። የሰባዎቹ ሥራ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ ፊቱ ብርማ። ትዊን ሪቨርብ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የወጣው። ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከርና 6ኤል6 የሚባሉ አራት ትልልቅ ቱዩቦች አሉት። ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የኛን 220 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አብሮት ይሄዳል። እሱ ብቻውን የጤፍ ከረጢት የሚያህል ነው። አንድ በአንድ እጅ፣ አንድ በሌላ እጅ፣ ጊታሩ ጀርባ ላይ። የላዳ ሹፌሮች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ነበር ዋጋ የሚጨምሩት።

አንድ ቅዳሜ የመልስ ፕሮግራም ላይ ነበርን። ሁለተኛው ዘፈን መሀል መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። አምፑም ተነሣ፤ ግን ድምፁ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። በጀርባው በኩል አጎንብሼ ሳይ ከአራቱ ቱዩቦች አንዱ እንደ ከሰል ቀልቷል። ቱዩብ ሲሠራ ውስጡ ትንሽ ብርቱካንማ ብርሃን ይታያል፤ ያ ጤነኛ ነው። ይሄኛው ግን ውስጡ ያለው ብረት ራሱ ፍም ሆኗል። አምፑን ከሶኬት ነቅዬ ሳልጨርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። የቀረውን ሌሊት ኪቦርዲስታችን የኔንም ድርሻ ተጫወተ። እኔ ጊታር ታቅፌ ፈገግ ስል አመሸሁ። ሙሽሮቹ ቪዲዮ ላይ እንዳለሁ ብታዩኝ ደስ የሚል ሰው እመስላለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቤዚስታችን "ጋሼ ጋ ውሰደው" አለኝ። ረቡዕ ወሰድኩት። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም።

ጋሼ ካቻቢቴያቸውን አንሥተው የኋላውን ብሎን ፈቱ። ምንም ነገር ሳይነኩ በፊት ፊውዙን አወጡና ወደ መስኮቱ ይዘው አዩት። ፊውዙ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። ከዓመት በፊት ሌላ ሠራተኛ ጋ አሠርቼው ነበር፤ ያ የሱ "ጥገና" ነው። ጋሼ ማን እንደሠራው አልጠየቁኝም። ወረቀቱን በፒንሳ ላጡና መደርደሪያ ላይ ያለች የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ጨመሩት። ቆርቆሮዋ ውስጥ ሌሎችም አሉ። ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የብዕር ምንጭ፤ ሁሉም በፊውዝ ቦታ የተገኙ።

"ፊውዝ የሚሞተው ሌላው እንዳይሞት ነው" አሉኝ። "ይሄ ሰውዬ ዘበኛውን አስሮ በሩን ከፍቶ ነው የሄደው።"

ከዚያ ያየሁትን አልረሳውም። ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። በቀኝ እጃቸው ብቻ የቴስተሩን ጫፍ ወደ ውስጥ ሰደዱ። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። ትዊን ውስጥ ከ400 በላይ ቮልት አለ። ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ ደግሞ ከሶኬት ከነቀልከው በኋላም ይዘውት ይቆያሉ። ሁለት እጅህን ካስገባህ ኤሌክትሪኩ ባንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በልብህ በኩል ሊያልፍ ይችላል። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ከሆነ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት መንገድ አያገኝም፤ አደጋው ግን ጨርሶ አይጠፋም። መጀመሪያ ያንን ቮልት በሬዚስተር አፍስሰው ጨረሱ። እንደገና በቴስተር ለኩ። ዜሮ ሲያሳይ ነው ሌላኛው እጅ ከኪስ የወጣው። ባካችሁ አምፕ በራሳችሁ የምትከፍቱ ልጆች፣ ይህችን አንቀጽ ሁለቴ አንብቧት።

ምርመራው ሲያልቅ ነገሩ ቀላል ሆነ። ካፓሲተሮቹ አርጅተው ደርቀዋል። ቱዩቡን የሚገታው ቮልት፣ ባያስ የሚሉት፣ ስለጠፋ ቱዩቡ ያለ ልክ ኤሌክትሪክ ጠጥቷል። ፊውዙ በጊዜ መበጠስ ነበረበት፤ በዚያ ወረቀት ምክንያት አልተበጠሰም። ትንሽ ብቆይ ትልቁ ትራንስፎርመር ይሄድ ነበር።

እኔ ሒሳቡን ልጠይቅ ስል ጋሼ ቀደሙኝ።

"በሳምንት ስንት ቀን ነው የምትሠራበት?"

"አራት ቀን።"

"የት?"

"ሆቴል ላውንጅ። አንዳንዴ ሰርግ።"

"ድምፁን ስንት ላይ አድርገህ?"

ሼም ያዘኝ። "ሁለት ላይ። ከዚያ ካለፈ ማናጀሩ ይመጣል።"

ሳቁ። "ታዲያ በሬ ገዝተህ እንቁላል የምትጭንበት ለምንድነው? አምፑን አድንልሃለሁ። ወገብህን ግን እኔ አልጠግንም።"

አሁን ይሄን ልብ በሉ። እኚህ ሰው የሚበሉት ከእንደኔ ዓይነቱ ግትር ነው። ቱዩብ ያልቃል፣ ይቀየራል፣ ባያሱ እንደገና ይስተካከላል። ቱዩቡም የሚገኘው በመከራ ነው። ዛሬ የጊታር አምፕ ቱዩብ በብዛት የሚሠራው ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያው መላክ ለጊዜው ሲቋረጥ ዋጋው በዓለም ሁሉ ወጣ። ለኛ ደግሞ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ አለ። ዝም ብለው ቢጠግኑልኝ በየስድስት ወሩ እመለስላቸው ነበር።

አላመንኳቸውም፤ ተከራከርኩ። የቱዩብ ሙቀቱ፣ ስሜቱ፣ ምናምን አልኩ። አልመለሱልኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አምፑን ልወስድ ስሄድ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ትዊኑ በማይክ ተይዟል። ከጎኑ አንድ ደንበኛ ያስቀመጣት ትንሽ ዲጂታል ሳጥን አለች። ሁለቱም ወደ አንድ ሚክሰር፣ ከዚያ ወደ አንድ ሞኒተር ይገባሉ። "አዳራሽ ያለው ሰው የሚሰማው አምፕህን አይደለም" አሉኝ፣ "በማይክ የገባውን ነው። ስለዚህ ያንን ከዚህ ጋር እናወዳድር።" ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞሩኝ። አንዲት የትዝታ ሐረግ ደጋግሜ ተጫወትኩ። እሳቸው መስመሩን ይቀያይራሉ። ስድስት ጊዜ ገመትኩ። ሦስቱን ሳትኩ። ከሳትኳቸው አንዷ ላይ "ይሄ እንኳን ያለጥርጥር ቱዩብ ነው፣ ሙቀቱን ስሙት!" ብዬ ነበር። ጎረቤታቸው ያሉት የሰዓት ሠሪ ሳይቀሩ ሳቁብኝ።

የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ኤችኤክስ ስቶምፕ አስመጣሁ። ላይን ሲክስ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣት ናት። እዚህ ላይ "ዲጂታል ገዛሁ፣ ተገላገልኩ" የሚል ካለ አይመኑት። የመጀመሪያው ምሽት ድምፄ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ንብ ነበር። ሳውንድ ማናችን በዐይኑ ገላመጠኝ።

በማግስቱ ጋሼ ጋ ሮጥኩ። ሳጥኗን አይተው "ስፒከሩን ረሳኸው" አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ብዙም አያወጣም። ያ ነው ጆሮ የሚያለሰልሰው። የአዳራሹ ስፒከር ግን ሁሉንም ያወጣዋል። ስለዚህ ሳጥኗ ውስጥ ከአምፑ ቀጥሎ የስፒከርና የማይክ ምስሉን መጨመር ግድ ነው። እኔ አጥፍቼዋለሁ። ያንን አበሩ፣ ከታች ከ90 ኸርዝ በታች ያለውን ለቤዚስቱ ተውለት ብለው ቆረጡ፣ ከላይም ትንሽ ገረዙት። ንቧ ሞተች።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። ድምፆቼን የሠራሁት ማታ ቤት፣ ልጆች ተኝተው፣ በሄድፎን ቀስ አድርጌ ነው። ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ወፍራሙንና ቀጭኑን በደንብ አይሰማም። ስለዚህ ሁለቱንም ትጨምራለህ። መድረክ ላይ ድምፁ ሲነሣ የጨመርከው ሁሉ ይፈነዳል። "ድምፅህን መድረክ ላይ በምትጫወትበት የድምፅ መጠን አስተካክለው" አሉኝ። እሑድ ጠዋት ቀጥረውኝ እዚያው ሱቃቸው ከፍ አድርገን ሠራነው። ለዚህ ገንዘብ አልተቀበሉኝም፤ ቡና ጋበዝኳቸው።

"ዲጂታል ይዘገያል" የሚለውን የቆየ ሙግቴንም አንሥቼ ነበር። ጋሼ ሜትር አወጡ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአምፕህ ሦስት ሜትር ርቀህ ስትቆም ወደ 9 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርስሃል። ሳጥኗ የምትዘገየው ከዚያ ያነሰ ነው። "ሃያ ዓመት ሙሉ ዘገየብኝ ብለህ ታውቃለህ?" አላውቅም።

የቀሩትን በአጭሩ ልበል። የሚያጉረመርመውን ድምፅ ያጠፉልኝ በዲአይ ቦክስ፣ በሳጥኗና በሚክሰሩ መሀል በሚገባ ማገናኛ፣ የድምፅ ገመዱን የኧርዝ መስመር አላቅቀው ነው። የዲቫይደሩን ኧርዝ እንድቆርጥ የመከረኝ ሰው ነበር፤ ጋሼ ያንን ሲሰሙ ተቆጡ፣ ሰው ይገድላል። ሳጥኗ 9 ቮልት ብትልም 3 አምፔር ትፈልጋለች፤ የተራ ፔዳል አዳፕተር አይችላትም። መብራት ሲሄድ እንዳትጠፋ ደግሞ ከኮምፒውተር ቤት ያገለገለ ትንሽ ዩፒኤስ፣ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ ይዤ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለቴ መብራት ሄደ። ሳጥኗ አልጠፋችም፤ ጄኔሬተሩ እንደተነሣ ወዲያው ቀጠልኩ።

የጎደለኝ ነገር የለም አልልም። ትዊኑ ከኋላዬ ሲጮህ ሱሪዬ ይርገበገብ ነበር። ያ የለም። ሞኒተሩ መጥፎ ከሆነ እኔም መጥፎ ነኝ፤ ድሮ አምፔን ወደ ጆሮዬ አዙሬ እገላገል ነበር። አሁን በሳውንድ ማን ምሕረት ሥር ነኝ። ትዊኑን ግን አልሸጥኩትም። ጋሼ ካፓሲተሮቹን ቀይረው፣ አዲስ ቱዩብ አስገብተው፣ ትክክለኛ ፊውዝ ሰጥተውት ቤቴ ተቀምጧል። ቀረጻ ሲኖር ስቱዲዮ ይሄዳል፤ እዚያ ስድስት ላይ ከፍቼ እጮህበታለሁ።

አምፕ፣ ሚክሰር፣ የድሮ ኦርጋን፣ ቴፕ፣ ምንም ይሁን ምን የተበላሸባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መንገዱን አሳያችኋለሁ። ዋጋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ይናገራሉ፣ ከተናገሩት አይጨምሩም። የማይድን ከሆነም "አይድንም፣ ብርህን ያዝ" ይላሉ። አይቸኩሉም፤ "ለዛሬ ማታ ይድረስልኝ" የሚል ሰው ባይሄድ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገቡት። ከባድ ዕቃ የያዘ ሰው የሚያግዘው ልጅ ይዞ ይምጣ፤ ደረጃው 38 ነው፣ እኔ ቆጥሬዋለሁ።