የሳይክል የመሀል አክስል፦ 113፣ 118 ወይስ 127?

ሰሞኑን የሚደወልልኝ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «የፔዳሉ መሀል ይንቋቋል፣ አክስል ቀይር ተባልኩ፣ የቱን ልግዛ?» ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

የማወራው ሁለቱን የፔዳል ክንዶች አያይዞ በፍሬሙ ሆድ ስለሚያልፈው ብረት ነው፣ ጫፉ አራት ማዕዘን ስለሆነው። ሱቅ ስትገቡ 113፣ 118፣ 122.5፣ 127.5 የሚል ካርቶን ይደረደርላችኋል። ቁጥሩ የብረቱ ርዝመት ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚሊ ሜትር። በዓይን ስታዩዋቸው ያው ናቸው። እኔንም የበላኝ ይሄ ነው።

አምና የኔ ሲያልቅ ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ «ረጅሙን ውሰድ፣ ረጅም ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። 127ቱ 900 ብር፣ 118ቱ 1,150። 250 ብር ተረፈኝ ብዬ ደስ አለኝ። የእጅ 200 ከፍዬ አስገጠምኩ። ከተማው ሜዳ ነው፣ እዚያ ምንም አላለም። ነገሩ የታወቀኝ ወደ ደሴ ልወጣ የሐረጎን ዳገት ስጀምር ነው። ከፊት ትንሹን ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁን አስገባሁ፤ ሰንሰለቱ ሰያፍ ተወጥሮ ይንጫጫ ጀመር፣ ዳገቱ ሳይጋመስ ወለቀ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ጡሩምባ፣ እኔ እጄ ግሪስ በግሪስ። በዚያ ላይ የፊት ማርሹ ትልቁ ጥርስ ላይ አልደርስ አለ።

ተናድጄ ወደ ሌላው ጫፍ ዘለልኩ። 113 ገዛሁ፣ 950 ብር፣ እጅ እንደገና 200። ሰንሰለቱ ተስተካከለ፣ ግን ዳገት ላይ በጉልበት ስረግጥ ትንሹ ጥርስ የፍሬሙን የኋላ ቱቦ ይልጠዋል። ቀለሙ ሄዶ ብረቱ ታየ። ሦስተኛ ዙር ያንኑ 118 ገዛሁ፣ 1,150 እና 200። ደምሩት፤ 3,600 ብር። ሃምሳ ብር በማያወጣ ማስመሪያ ብለካ ኖሮ በ1,350 ያልቅ ነበር።

ጥቂት ሚሊ ምን ያመጣል ትሉኝ ይሆናል። አክስሉ ሲረዝም ትርፉ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ከ118 ወደ 127.5 ስትሄዱ የፊት ጥርሶቹ ወደ 5 ሚሊ ይወጣሉ። ባለ 7 ማርሽ ሳይክል ላይ የኋላ ጥርሶቹ የሚራራቁት ደግሞ 5 ሚሊ ነው። በሌላ አነጋገር እኔ ሰንሰለቴን አንድ ሙሉ ማርሽ ያህል አንጋድጄ ነው ሐረጎን ልወጣ የተነሳሁት።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ጥርሱ ፍሬሙን ሳይነካ የሚዞርበትን አጭሩን ግዙ። ለኔ እሱ 118 ሆነ። ግን ቁጥሩን በዋናነት የሚወስነው ክንዱ ስለሆነ የጎረቤታችሁን ሳይክል አይታችሁ አትግዙ፣ 122.5 የሚፈልግም አለ። አሮጌውን አስወጥታችሁ ብረቱን ብቻ ለኩ፣ ብሎኑን አትቁጠሩ። አሮጌውም አንድ ሰው ያለ ልኩ ያስገባው ከሆነ ግን መቀመጫውን ከያዘው ቱቦ መሀል እስከ መሀለኛው የፊት ጥርስ ለኩ። ባለ ሦስት ጥርስ ማውንቴን 47.5 ወይም 50 ሚሊ አካባቢ መሆን አለበት። ባለ ሁለት ጥርስ ኮርስ (የውድድር ሳይክል) ከሆነ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ድረስ 43.5። የፍሬሙን ሆድ ስፋትም እዚያው እያላችሁ ለኩት፣ አብዛኛውን ጊዜ 68 ወይም 73 ነው፣ ካርቶኑ ላይም ይጻፋል።

ድፍኑ (ብዩ ከነአክስሉ ታሽጎ የሚመጣው) ይሻላል ወይስ ብዩ የሚፈታው ለምትሉ፣ ድፍኑ። የሚፈታው 350 ብር ስለሆነ ያማልላል። በየጎኑ 11 ትንንሽ የብረት ብይ፣ ግሪስ፣ ክዳን። የደሴ ክረምት አንዴ ውሃና ጭቃ ካስገባበት ግን ማስፈቻ፣ ማጠቢያ፣ ግሪስ እያላችሁ በየሁለት ወሩ 150 ትከፍላላችሁ። ዓመት ሲሞላ ድፍኑን አለፈ። ከከተማ ርቆ የሚኖርና ራሱ የሚፈታ ሰው ብቻ ቢገዛው ይገባኛል።

ኮፒውን ተጠንቀቁ። ካርቶኑ 118 ብሎ ውስጡ 122 የሆነ በእጄ ይዣለሁ፣ ስለዚህ ማስመሪያችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ባለሱቁ ቢስቅም ይሳቅ። አክስሉን በጣታችሁ አዙሩት። ጥሩው ለስለስ፣ ከበድ ብሎ ይዞራል። ከተንኳኳ ወይም ባዶ ጣሳ የሚመስል ድምፅ ካወጣ መልሱለት። የግራው ክዳን ፕላስቲክ ስለሆነ ብቻ ግን ፎርጅድ ነው አትበሉ፣ ኦሪጅናሉም ላይ አለ።

ሠሪው መዶሻና መሮ ይዞ ሲመጣ ካያችሁ አስቁሙት። በሰንሰለቱ በኩል ያለው ክዳን የብሎን ጥርሱ ግልባጭ ነው፣ የሚፈታው ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ይህን የማያውቅ ሠሪ የጓደኛዬን ፍሬም የብሎን ጥርሱን በልቶት ፍሬሙ እንዳለ ተጣለ። አሮጌ የጣሊያን ኮርስ ላይ ግን ሁለቱም ጎን በተለመደው አቅጣጫ ይፈታል፣ የሆዱም ስፋት 70 ነው።

አዲስ አክስል ገብቶም ከተንቋቋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክንዱ ነው። ላልቶ ሲነዳ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይሰፋል። የቲማቲም ጣሳ ቆርጠው የሚወትፉላችሁ አሉ፤ ሳምንት አይቆይም፣ 100 ብሩም አይመለስም። ክንዱን ቀይሩት።

113ቱና 127ቱ ቤቴ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም ብዙ አልተነዱም። ለክቶ ልኩ ሆኖ ያገኘው ሰው አንዱን በ600 ይውሰድ። ሳይለካ ለሚመጣ ግን አልሸጥም።