ዲቫ፣ ዲኤክስ7 ቪ እና ሞኖሎግ፦ ሳይነኩ በማሳያ ድምፅ ብቻ ሲመዘኑ

በአዲስ አበባ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሱቆች በብዛት የሚገኙት የተዘጋጀ ምት ያላቸው ኪቦርዶች ናቸው። ድምፁን ከመነሻው ራሱ ቀርጾ መጫወት የሚፈልግና ለዚህም ሲንተሳይዘር የሚሻ ሰው ግን ዕቃውን ሰክቶ የሚሞክርበት ቦታ እምብዛም አያገኝም። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚተማመነው አምራቾች በድረ ገጻቸው በሚያስቀምጧቸው የድምፅ ናሙናዎችና በዩቲዩብ በሚወጡ ማሳያዎች ላይ ነው። እኔም ሁለት ሶፍትዌሮችንና አንድ መሣሪያን በዚሁ መንገድ መዝኛለሁ። መነሻዬ ደግሞ ግልጽ ነበር፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሙግና በያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘሮች እና በምት ማሽን ከቀረጸው ሥራ ጋር የሚቀራረብ የኪቦርድ ድምፅ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው የበርሊኑ ዩ-ሂ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ዲቫ የተባለ ሶፍትዌር ነው። ዲቫ አንድን የቆየ መሣሪያ ብቻ አይመስልም፤ ሚኒሙግ የተባለውን የቆየ ሲንተሳይዘር የሚመስል የድምፅ ምንጭ፣ የሌሎቹን የቆዩ መሣሪያዎች የጁፒተርን ወይም የኤምኤስ-20ን ከሚመስል ፊልተር (የድምፁን ከፊል ቆርጦ ቀለሙን ከሚለውጥ ክፍል) ጋር አጣምሮ ለመጫወት ያስችላል። በአምራቹ ገጽ ላይ ያሉት ማሳያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ የተሟሉ ሙዚቃዎች ስለሆኑ ብዙ የዲቫ ድምፆች በአንድነት ተደራርበው ይሰሙባቸዋል፤ እነዚህን ሰምቶ መወሰን በሌላ ሰው ቤት የተሠራ ዶሮ ወጥ ቀምሶ በርበሬ እንደመግዛት ነው። የሚጠቅሙት አንድ ድምፅ ብቻውን የሚጫወትባቸው አጫጭር ቅጂዎች ናቸው፤ በተለይም ተጫዋቹ አንዱን ኖታ ይዞ ፊልተሩን ቀስ እያለ ሲዘጋና ሲከፍት የሚሰማባቸው። የዲቫ ጥንካሬ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው፤ ፊልተሩ ሬዞናንሱ (በሚቆርጥበት ቦታ ያለውን ድምፅ የሚያጎላው ቅንብር) ከፍ ባለበት ጊዜ እንኳን ሳይሳሳና ሳይሰነጠቅ፣ ዝቅተኛውን ድምፅ እንደያዘ ይዘልቃል።

ይሁንና ዲቫን እንድወደው ያደረገኝ ከማሳያው ይልቅ የሙከራ ቅጂው ነው። ኩባንያው ሙሉ ሶፍትዌሩን በነፃ እንድናወርድ ይፈቅዳል፤ ገደቡ ጥቂት ደቂቃ ከተጫወቱ በኋላ አልፎ አልፎ ጣልቃ የሚገባ የመንጫጫት ድምፅ ብቻ ነው። ለቀረጻ አይሆንም፣ ለመመዘን ግን ከበቂ በላይ ነው። ማሳያው የማይነግረንን ጉዳይም የሚያጋልጠው ይኸው ቅጂ ነው። ዲቫ የስሌቱን ጥራት በአራት ደረጃ ያስመርጣል፤ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ጣት ከተነሣ በኋላ ቀስ ብለው የሚጠፉ ስድስት ኖታዎች በአንድ ጊዜ ሲያዙ፣ ዕድሜ የጠገበ ላፕቶፕ ይታነቃል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ሲቀናበር ዝቅተኛውን ደረጃ ተጠቅሞ፣ የመጨረሻው ፋይል ሲወጣ ብቻ ከፍተኛውን ማዘዝ ይቻላል። ነገር ግን ገዢው ይህን ማወቅ ያለበት ከመክፈሉ በፊት ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አድማጮችና ተጫዋቾች ደግሞ በማንኛውም ማሳያ ላይ ያልሰማሁት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በፒያኖ ቁልፎች ላይ ሊጫወቱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው፤ ሆኖም በማሲንቆና በክራር ላይ ያለው የድምፅ ርቀት ከፒያኖው አሥራ ሁለት እኩል ክፍፍል ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። በተለይ አንቺሆዬ በተለመደው የኪቦርድ ስምሪት (የእያንዳንዱ ቁልፍ ድምፅ ከፍታ አወሳሰን) ሲጫወት አንዳች የጎደለው ነገር እንዳለ የለመደ ጆሮ ወዲያው ይለያል። ዲቫ የስምሪት ፋይል ከውጭ ተቀብሎ እያንዳንዱን ቁልፍ እንደተፈለገው ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ይህ ችሎታ በአንድም ማሳያ ሲጎላ አልሰማሁም፤ በሙከራ ቅጂው ግን ማንም ሰው የራሱን ክራር ከጎኑ አስቀምጦ ሊያረጋግጠው ይችላል። በነፃ የሚገኙት ሰርጅ ኤክስቲ እና ቫይታል የተባሉ ሶፍትዌሮች ጭምር ይህን ስለሚያደርጉ፣ ፍላጎቱ ስምሪት ብቻ የሆነ ሰው መጀመሪያ እነርሱን ቢሞክር ገንዘቡን ያተርፋል።

ሁለተኛው የፈረንሳዩ አርቱሪያ ኩባንያ የሚያቀርበው፣ የያማሃን ዲኤክስ7 የሚመስለው ሶፍትዌር ዲኤክስ7 ቪ ነው። የያማሃው ዋና መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ አሥራ ስድስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችል ሲሆን፣ ድምፁም በስድስት ኦፕሬተሮች፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ አመንጪዎች፣ እና እነርሱ እርስ በርስ በሚያያዙባቸው 32 የአሰላለፍ ዓይነቶች ይገነባል። ለገዢ ዋናው ቁም ነገር ግን ጣት ቁልፉን የሚመታበት ኃይል የድምፁን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም መለወጡ ነው፤ ለስለስ ተደርጎ የተነካው ኤሌክትሪክ ፒያኖ ሲደወል፣ ጠንከር ያለው ይነክሳል። ስለዚህ ሁሉም ኖታ በአንድ ዓይነት ኃይል የተጫወተበት ማሳያ ስለዚህ ሶፍትዌር የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ የ1983ቱ መሣሪያ ሪቨርብም (ማስተጋባት የሚጨምር ኢፌክት) ሆነ ኮረስ (ድምፅን አደራርቦ የሚያሰፋ ኢፌክት) በውስጡ ያልነበረው መሆኑ ነው። አርቱሪያ ግን ኢፌክቶችን ስለጨመረ፣ በማሳያው የምንወደው ስፋት ከኢፌክቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። በእኔ ፍርድ፣ ያንን የድሮ ድምፅ ብቻ የሚሻ ሰው ለዲኤክስ7 ቪ መክፈል የለበትም። ዴክስድ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የዋናውን መሣሪያ የድምፅ ፋይሎች እንዳሉ ይጭናል፣ አጨዋወቱም የሚያሳፍር አይደለም። የአርቱሪያው ብልጫ ገጽታው ለዓይን ግልጽ መሆኑና ድምፅን ለማረም የሚቀል መሆኑ ነው።

ሦስተኛው የኮርግ ሞኖሎግ ነው። ይህ የሚዳሰስ መሣሪያ በመሆኑ የሙከራ ቅጂ የለውም፤ ያለን ቪዲዮ ብቻ ነው፣ የማሳያ ድምፅም ብዙ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ሞኖሎግ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ድምፁን ከሚያሻክረው ድራይቭ በስተቀርም ዲሌይም (ድምፅን እያዘገየ የሚደግም ኢፌክት) ሆነ ሪቨርብ የለውም። ስለዚህ በቪዲዮ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ያህል የሚያስተጋባ ዜማ ወይም ሦስት ኖታ ያለው ኮርድ ከተሰማ፣ ያ የተገኘው ከሌላ መሣሪያ ወይም ተደራርቦ ከተቀረጸ ድምፅ ነው። የሚታመነው ከመሣሪያው በቀጥታ በሽቦ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ሳይቀባ የተሰማው ቅጂ ነው፤ እንዲህ ያለው ቪዲዮ ብዙ ተመልካች ባይኖረውም ተፈልጎ ይገኛል።

ያለ ማስጌጫ ሲሰማ ሞኖሎግ ደረቅና ቆጣ ያለ ድምፅ አለው። ለቤዝ ጥሩ ነው፤ ከማሲንቆ ወይም ከዋሽንት ጋር ለሚሄድ ነጠላ ዜማም ይስማማል። በተጨማሪም ስምሪቱን ቁልፍ በቁልፍ ማስተካከል ይቻላል፤ በዚህ ክፍል ዝግጅት ላይ አፌክስ ትዊን በሚል ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ከኩባንያው ጋር ሠርቷል። ቪዲዮዎቹ አብዝተው የዳንስ ቤት ምት ስለሚያሰሙ ይህ ጠባዩ ተሸፍኖ ቀርቷል። በስድስት ተራ የባትሪ ድንጋዮች መሥራቱ መብራት በሚጠፋበት ቤት ቀላል ጥቅም አይደለም። ቁልፎቹ 25 ብቻ፣ እነርሱም ቀጫጭን መሆናቸው ግን ሁለት እጅ ለለመደ ተጫዋች ያስቸግራል።

ስለ አሰማሙ ጥቂት ልበል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለማያወጣ፣ የሙግን ዓይነት ቤዝ በስልክ ሰምቶ መፍረድ ጨርሶ አይቻልም፤ ሄድፎን ግድ ነው። ሁለት ማሳያዎች ሲነጻጸሩ ድምፃቸው በእኩል ከፍታ መደረግ አለበት፣ ጥቂት ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና። የኖታውን መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን ጣት ከቁልፉ ከተነሣ በኋላ ያለውን አወራረድ መከታተልም ይጠቅማል፤ የተጨመረ ሪቨርብ የሚጋለጠው እዚያ ነው። የቪዲዮ ድምፅ ተጨምቆ የሚላክ በመሆኑ ረቂቁ ክፍል ይቀንሳል። ሆኖም በየቪዲዮው ሥር «እውነተኛው መሣሪያ ከሶፍትዌሩ ይልቅ ሞቅ ይላል» የሚል ክርክር አይጠፋም፤ ተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ ሁለቱንም የሰሙት በዚያው በተጨመቀ ድምፅ መሆኑን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ከሦስቱ እኔ የምመርጠው ዲቫን ነው። ዋጋው 179 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ርካሽ ባይባልም አስቀድሞ በራስ ቅኝትና በራስ ኮምፒውተር ላይ ተፈትኖ የሚገዛ ነው። ሞኖሎግን ከውጭ የሚመጣ ሰው ይዞልን ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ዲኤክስ7 ቪን ግን ቅናሽ ሲኖር ካልሆነ አልገዛውም። ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ ካርድ መክፈል አዳጋች በመሆኑ፣ አብዛኞቻችን ሶፍትዌር የምንገዛው በውጭ አገር ባለ ዘመድ አማካይነት ነው። የዲቫ ፈቃድ የሚከፈተው በተመዘገበ የተጠቃሚ ስምና በመለያ ቁጥር ሲሆን፣ ለዚህ ዶንግል፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የፈቃድ ቁልፍ፣ አያስፈልግም። ስለሆነም የሚከፍለው ዘመድ የተጠቃሚ ስም በሚጠየቅበት ቦታ የራሱን ሳይሆን ሶፍትዌሩን የሚጠቀምበትን ሰው ስም እንዲሞላ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።