አሮጌ መኪና የምትገዙ፣ ዳገት ሳትወጡ ቀብድ አትክፈሉ

ሰሞኑን ለእህቴ ባል ዲኤክስ ኮሮላ ስናፈላልግ አንድ የሚያምር አገኘን። ቀለሙ ያበራል፣ ሞተሩ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ደላላው ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር አስነዳንና "ፍጠኑ፣ ሌላ ሰው ቀብድ ሊጥል ነው" አለ። እንጦጦ ካልወጣን አንገዛም አልን። ፊቱ ተለዋወጠ። ሽሮ ሜዳን ሳናልፍ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ። ቁልቁል ስንመለስ ደግሞ ከፊት ግራ ጎማ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ መሽተት ጀመረ።

ውሃ የሚያፈስ ሞተርም ሆነ ሳይረገጥ ጎማ የሚይዝ ፍሬን፣ መኪናው ካልሞቀ ጉዱ አይታይም። ሻጭ ይህን አሳምሮ ያውቃል። አጭር ሙከራ በሜዳ መንገድ የሚመርጠውም ለዚህ ነው።

ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ጠዋት ኑ። ቀዝቃዛ ከሆነ ብቻ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ በሙቅ ሞተር ከከፈታችሁት ፊታችሁን ያቃጥላል። ውሃው ዝገት ከመሰለ ኩላንት (ዝገት የሚከላከል ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በወቅቱ አልተደረገለትም ማለት ነው። ዝቃጭ ወይም የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካያችሁ ቀዳዳ መዝጊያ ዱቄት ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ዱቄቱ ለሽያጭ ቀን ይበቃል፣ በኋላ ግን የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ክዳኑን ሳትመልሱ ሞተሩን አስነሱ። አረፋው ሳያቋርጥ ከተንተከተከ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል። እዚያ ላይ መደራደር አያስፈልግም፣ ተሰናበቱ።

ሌላው ተንኮል ቴርሞስታት መንቀል ነው። ይህች ዕቃ ውሃው ወደ 82 ዲግሪ ሲደርስ ትከፈትና ወደ ራዲያተሩ ታሳልፈዋለች። ስትነቀል መለኪያው ሜዳ ላይ ከታች አይነሳም፣ ገዢም "እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ሞተር" ይላል። ረጅም መንገድ ተነድቶ መለኪያው ካልተነሳ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ሞተር ነዳጅም ይበላል።

ለሻጭም ፍትሃዊ እንሁን፤ የፈላ መኪና ሁሉ የሞተ መኪና አይደለም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል፣ ሞተሩም ያለ ሌላ በሽታ ይፈላል። ክዳንና ማኒኮቶ (የራዲያተር ጎማ ቱቦ) የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ከዋጋው አስቀንሱና ቀይሩት።

ከዳገት ስትመለሱ ሞተሩን ሳታጠፉ ከስሩ ካርቶን አንጥፉና ትንሽ ጠብቁ። ፋኑ መነሳት አለበት። ኤሲ ተከፍቶ የሚንጠባጠብ ንጹህ ውሃ አያስፈራም። ቀለም ያለው ወይም ጣፋጭ የሚሸት ጠብታ ግን ኩላንት ነው። በውሃ ፖምፓው በኩል የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱካ ካለ ፖምፓው ማፍሰስ ጀምሯል። ጠብታው አንዳንዴ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው የሚመጣው፣ አትቸኩሉ።

ወደ ፍሬኑ እንሂድ። እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። የፊቶቹ ከኋላዎቹ መሞቃቸው ያለ ነው፤ ማነጻጸር ያለባችሁ ግራን ከቀኝ ጋር ነው። አንዱ ብቻ የሚፋጅ ከሆነ የዚያ ጎማ ፍሬን ይዟል። ውሃ እንዳትደፉበት፣ ዲስኩ ሊጣመም ይችላል። ሻጩ "ሸራ ቀይሩለት፣ ያልቃል" ካለ አትመኑት። መካኒካችሁ ጎማውን በክሪክ አንስቶ ያሽከርክረው። ከያዘ የካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ዕቃ) ማስተንፈሻ ቡሎን ይክፈት። ያኔ ከለቀቀ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከውስጥ ያበጠው የፍሬን ጎማ ቱቦ ነው። ካልለቀቀ ፒስተኑ ወይም የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ዝጓል። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከሞቁ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ይይ።

የፍሬን ዘይቱንም እዩ። ከጠቆረ አርጅቷል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ይወርዳል። እንዲህ ባለ ዘይትና በያዘ ጎማ የአባይ በረሃን ቁልቁለት ከጎሃ ጽዮን ስትወርዱ ፔዳሉ ወለል ሊነካ ይችላል።

መካኒክ ራሳችሁ አምጡ፣ ደላላው "የኔ ልጅ አለ" የሚለውን አይሁን። "ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ምልክት) አለው" የሚለውንም እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት። ውሉ ላይ "ባለበት ሁኔታ" የሚል ቃል ካለ ከመፈረማችሁ በፊት የተስማማችሁበት ጥገና በማን ወጪ እንደሚሠራ አጽፉ። እንጦጦ አልወጣም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቁልፉን መልሱለት።