ሳቢያን ያለው የምጥ ዝግጅት ስልጠና፦ ትንፋሹ ይበጃል፣ ተስፋው ግን ተጋኗል

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ስልጠና ትልቁ ጥንካሬ አተነፋፈስን በደንብ ማስያዙ ነው። እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ መሳብ፣ እስከ 6 ወይም 8 እየቆጠሩ በአፍ ቀስ ብሎ ማውጣት፤ መንጋጋንና ትከሻን ማላላት። ጣት ከደነዘዘ ወይም ራስ ከዞረ ትንፋሹ ፈጥኗል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀንሷል ማለት ነው፤ ማውጣቱን ማርዘም ነው። ባል ወይም እናት አብረው ገብተው ወገብ ማሸት መማራቸው ግሩም ነው፤ ምጥ ሲጠና ቆጠራው ስለሚጠፋት ሌላ ሰው ሊይዝላት ይገባል።

በስልጠናው የሚሰጠው ሂፕኖሲስ (በጥልቅ መዝናናትና ሐሳብን በማተኮር ሕመምን የማቅለል ዘዴ) ላይ «ያለ ሕመም ትወልዳላችሁ» መባሉ ግን ልክ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም) ግምገማ 9 ጥናቶችን፣ 2,954 ሴቶችን አይቶ፣ የማስታገሻ አጠቃቀምን በጥቅሉ ሊቀንስ እንደሚችል፣ ኤፒዱራልን (በጀርባ በኩል የሚሰጠውን የምጥ ማደንዘዣ) ግን እንደማይቀንስ ነው ያገኘው። ደግሞም 2 ቀን ብቻ ተምሮ አይሆንም፤ ከ32ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ በየቀኑ 15 ደቂቃ ቤት ውስጥ ካልተለመደ በምጥ ሰዓት አይመጣም።

በጀርባ ማስተኛታቸውም ይታረም፤ ማህፀኑ ትልቁን ደም ሥር ይጫናል። በግራ ጎን፣ በጉልበቶች መሃል ትራስ አድርጎ መተኛት ይሻላል። የድሬን ሙቀት እያወቁ ከቀኑ 8 ሰዓት መጥራታቸው ያሳዝናል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ቢያደርጉት ምናለ!