ባዶ የመሰለችን ብልቃጥ

ካርቶኑ ኮምቦልቻ ኤርፖርት አርፎ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ከሰዓት ሆኗል። ከፈትነው። ትልቅ የፎም ሳጥን፣ የቀለጡ አይስ ፓኮች፣ መሀል ላይ የጣቴን ጫፍ የምታክል ብልቃጥ። ወደ መስኮቱ ይዤ አየኋት። ምንም የለባትም። የንብረት ክፍሉ ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ያን ሁሉ ብር ለባዶ ጠርሙስ ነው የከፈልነው?"

እኔም ደንግጫለሁ፤ አልዋሽም። ግን ባዶ አልነበረችም። ውስጧ 100 ማይክሮግራም የደረቀ ፕሮቲን ነበር፤ ይህ የአንድ ግራም አስር ሺህኛ ነው። ደርቆ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ዓይን ላያየው ይችላል። እንዲህ ያለ ብልቃጥ ሲመጣ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ዱቄቱን ወደ ታች የሚያወርድ መሣሪያ) ላይ አሽከርክሩት። ዱቄቱ ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ከሆነ ስትከፍቱት በኖ ይሄዳል፤ ብራችሁም አብሮት።

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የገዛነው ሄማግሉቲኒን የሚባል የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ፕሮቲን ነው፣ የ2009ኙ የኤች1ኤን1 ወረርሽኝ ዝርያ፣ ኤ/ካሊፎርኒያ/07/2009። አንድ የማስተርስ ተማሪያችን በሰው ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል የሚሠራውን ፕሮቲን፣ ለመለካት ፈልጎ ነው። ኤች1ኤን1 ሲባል "ኤች" ይሄ ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ ሴላችንን የሚይዝበት መንጠቆ። "ኤን" ደግሞ ኒውራሚኒዴዝ ነው። አዲስ የተወለደው ቫይረስ ከሴሉ እንዲላቀቅ የሚቆርጥለት መቀስ በሉት። ሪኮምቢናንት ስለሆነ ቫይረስ የሚባል ነገር ውስጡ የለም። የፕሮቲኑ ዘረመል ሌላ ሴል ውስጥ ገብቶ ፕሮቲኑ ብቻ ተመርቷል። ስለዚህ ማንንም ጉንፋን አያስይዝም። ቫይረስ የሚያሳድግ ክፍል ለሌለን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ፕሮፎርማው ሲመጣ ሁለት ዋጋ ነበረው። ርካሹ በባክቴሪያ የተሠራ፣ ውዱ በሰው የኩላሊት ሴል። ግዢ ክፍል እንደተለመደው ርካሹ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ተከራከርኩ። ሄማግሉቲኒን ላዩ በስኳር የተሸፈነ ነው፤ ባክቴሪያ ያንን ስኳር አይሰካለትም፣ ቅርጹንም ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል። አንቲቦዲ ደግሞ የሚያውቀው ቅርጹን ነው። ውዱን ገዛን፣ አልተቆጨሁም። ፕሮቲኖችን በክብደታቸው የሚለየው ጄል ላይ ስንነዳው አንድ ጥርት ያለ መስመር ሰጠን። ስኳሩ ስለሚያከብደው መስመሩ በሂሳብ ከሚጠበቀው ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ይሄ ጤናማ ምልክት ነው፣ አትደንግጡ።

አንድ ብልቃጥ ስንት ያሠራል? ሻጮቹ ይህን አይነግሯችሁም። እኛ በሚሊሊትር 2 ማይክሮግራም እንዲሆን አሟሙተን፣ አንቲቦዲ በሚለካበት የኢላይዛ ፕሌት በየጉድጓዱ 100 ማይክሮሊትር ጨመርን። 500 ጉድጓድ ወጣው፤ ባለ 96 ጉድጓዱ ፕሌት አምስት ያህል ማለት ነው። በሟሟ በዚያው ቀን ትንንሽ ቱቦዎች ላይ አከፋፍሉትና ፍሪዘር አስገቡ። እየቀለጠ እየበረደ ከተመላለሰ ይሞታል። መብራት እንደሆነ የደሴን ታውቁታላችሁ። ጄነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ፍሪዘሩን ማንም እንዳይከፍት በሩ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። "ለደሴ ብርድ ፍሪዘር ምን ያደርጋል?" የሚሉኝም አሉ። ሳቁ እንጂ አትስሟቸው።

ተማሪያችን አንድ ቀን የዶሮ ደም ይዞ መጣ። ሄማግሉቲኒን ቀይ የደም ሴሎችን ያያይዛል ተብሎ ተምሯል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ጨመረበት፣ ጠበቀ፣ ምንም የለም። ልጁ ፊቱ ቀላ። ሙሉ ቫይረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ መንጠቆዎች ስላሉት ነው ሴሎቹን እርስ በርስ የሚያጋጥማቸው። የእኛ ግን ነጠላ ነጠላውን የሚንሳፈፍ ነው፣ አንዱን ይይዛል እንጂ ሁለት አያገናኝም። ሰነዱ ላይ ነጠላ ይሁን ሦስት ሦስት ሆኖ የተያያዘ በግልጽ አልተጻፈም። ኢሜይል ልከን ነው ያወቅነው። ለዚህ ከሻጩ ነጥብ ቀንሻለሁ።

ነጥብ ይበልጥ የጠፋው በሁለተኛው ግዢ ነው። ኒውራሚኒዴዙን ከሌላ አቅራቢ በፈሳሽ አዘዝን። ደረቅ በረዶ ተሞልቶ ተላከ ተባለ። መንገድ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ እነሱና አምላክ ያውቃሉ። ሲደርስ በረዶው በኖ አልቋል፣ ሳጥኑ እጄን አላበረደም። ስንፈትነው ከባዶው ጉድጓድ የተለየ ነገር አላሳየም። ይሄ ኢንዛይም የሚሠራው አራት ሆኖ ተያይዞ፣ ካልሲየምም አግኝቶ ነው፤ ሲንገላታ ይፈርሳል። ቅሬታ አቀረብን፣ "ስንልክ ደህና ነበር" አሉ። በቃ።

ለእንደኛ ዓይነት ቦታ ዱቄቱን ነው የምመክረው። አይስ ፓኩ ቀልጦ እንኳ ሄማግሉቲኒኑ አልተበላሸብንም። ከመክፈላችሁ በፊት ከየትኛው ሴል እንደተሠራ ጠይቁ፣ ነጠላ ይሁን የተያያዘም በጽሑፍ አስመልሱ። እንደገና ብገዛ ያንኑ ከዚያው አቅራቢ እገዛለሁ።

ጋሼ የፎም ሳጥኑን ለምነው ወሰዱት። ክዳኑን በስተው ጫጩት አስገብተውበታል፤ ባለፈው ሳምንት ስጠይቃቸው ሰባቱም ደህና ናቸው አሉኝ።